ከጠማማ ግራር የሚወጣ ጀልባ

የጣናን የደንገል ታንኳ የሚያውቅ ሰው፣ ያው የዓባይ ውሃ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ካርቱም ሲደርስ የሚሸከመውን ጀልባ ቢያይ ይደነቃል። ደንገል ቀላል ነው፤ ውሃ ሲጠግብ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከካርቱም ማዶ፣ በኦምዱርማን ዳርቻ፣ ደጅ ሜዳ ላይ የሚሠራው ኑጋር የሚባለው ጀልባ ግን ከሱንት ነው። ሱንት የግራር ወገን ነው፤ እንጨቱ ከባድ፣ ውሃም ምስጥም በቀላሉ የማይደፍረው።

ይሁን እንጂ ሱንት ቀጥ ብሎ አያድግም። ግንዱ አጭር፣ ቅርንጫፉ ጠማማ ስለሆነ ረጅም ሳንቃ አይወጣውም። የአናጺው ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዛፉን ላቅናህ ብሎ አይታገለውም፤ አጫጭርና ወፋፍራም ሳንቃዎችን እንደየጠማማነታቸው እየጠረበ፣ አንዱ ከሌላው ጠርዝ ጋር እስኪገጥም ደጋግሞ ይለካል። ከዚያ ረጅም ምስማር ከላይኛው ሳንቃ ወደ ታችኛው በሰያፍ ይመታል። በሌላ አገር የእንጨት ጀልባ ሲሠራ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አጽሙ ይቆማል፤ ሳንቃው በላዩ ይለብሳል። ኑጋር አጽም የለውም። ሳንቃው ሳንቃውን ይዞ ይቆማል፤ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፉ አግዳሚ ወራጆች ብቻ ያግዙታል፤ የእነሱም ጫፍ ከጀልባው ጎን ብቅ ብሎ ይታያል። ስንጥቁ በቡትቶ ጨርቅ ይጠቀጠቃል።

ጠጋ ብሎ ላየው ሁለት እኩል ሳንቃ አይገኝም። መጋጠሚያዎቹ አንዴ ወጣ አንዴ ገባ ይላሉ። ራቅ ብለው ሲያዩት ግን የጀልባው ሆድ ከአፍንጫው እስከ ኋላው አንድም ቦታ ሳይሰበር ይታጠፋል። ያን ሁሉ ጠማማ እንጨት ወደ አንድ ለስላሳ መስመር ያመጣው የሠሪው ዓይንና እጅ ነው። እኔ ይህን ከማንኛውም ሐውልት አላሳንሰውም።

አሠራሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ግብፃውያን ከግራር የሁለት ክንድ ሳንቃ ቆርጠው እንደ ጡብ እየደረደሩ ያለ አጽም ጀልባ እንደሚሠሩ ጽፏል። የሱዳኖቹ ኑጋር የዚያ ጥበብ ዘመድ ነው። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን ሞልቶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ወንዙ ራሱ ያወርደዋል። ትልቁ የጭነት ኑጋር ከባቡርና ከመኪና በኋላ እየቀረ ሄዷል፤ ሙያው የዘለቀው በዓሣ አጥማጆች ትንንሽ ጀልባዎች ነው።

ካርቱም ውስጥ፣ ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት አጠገብ፣ የሱንት ጫካ ነበር። በእኛ ክረምት ዓባይ ሲሞላ ነጩን ዓባይ ወደ ኋላ ያቁረዋል፤ ጫካው ያን ጊዜ ለወራት ውሃ ውስጥ ይቆም ነበር። ጀልባ የሚሆነው ዛፍ ገና በቁሙ ሳለ ከወንዙ ጋር ተላምዷል ማለት ነው፤ ያሳደገውም የጎጃምና የወሎ ዝናብ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ሱዳን ውስጥ በጀመረው ጦርነት ጊዜ ይህ ጫካ ለማገዶና ለከሰል ተጨፈጨፈ።

ካርቱምን መልሰው የሚገነቡ ሰዎች ከሕንፃው ጎን የሱንት ዘር ይዝሩ። ሱንት ለሳንቃ የሚሆን ግንድ ለማውጣት ከ20 እስከ 30 ዓመት ይፈልጋል።