«ፈቺ»፣ «አድራሻ»፣ «መለየት»፦ በአንድ የሞዴል ባቡር መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንሄሰው ትርጉም የራሳችን ነው። ዲኮደር የተባለችውን አነስተኛ የዲጂታል መቈጣጠሪያ በጃፓን ሞዴል ሎኮሞቲቭ ውስጥ ስለ መግጠም የሚያስረዳ የሁለት ገጽ መመሪያ ወደ አማርኛ መልሰን፣ ከጃፓን በሰው እጅ ከመጣ አንድ አሮጌ የካቶ ሞዴል ጋር፣ በደጀን ከተማ ሬዲዮና ሞባይል ለሚጠግን ወጣት ሰጥተነው ነበር። ወጣቱ የተጻፈውን አንድም ሳያጎድል ፈጸመ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የማታህለው ዲኮደርም ኤሌክትሪክ እንደተለቀቀባት ጤሳ ተቃጠለች። መመሪያውን ከእርሱ ጋር ደግመን ባነበብን ጊዜ፣ ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የቃሎቻችን መሆኑ ታወቀን።

ስለ ነገሩ ጥቂት ማስረዳት ያሻል። ካቶና ቶሚክስ የሚሠሩት፣ ኤን የሚባለው የጃፓን ሞዴል መጠኑ የእውነተኛው ባቡር 1/150 ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በቀድሞው አሠራር በሐዲዱ ላይ የሚለቀቀው ኤሌክትሪክ ሞተሩን በቀጥታ ስለሚያዞር፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሁለት ሎኮሞቲቮች አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይቆማሉ። የጀርመኑ ሌንዝ ባበጀው ሥራ ላይ ተመሥርቶ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደረጃነት ያጸደቀው፣ ዲሲሲ የሚባለው ሥርዓት ግን ሐዲዱን የኀይልም የመልእክትም መንገድ አደረገው። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ በፍጥነት ይገለባበጣል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ምት 58 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሲቈይ «አንድ»፣ 100 ማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቈይ «ዜሮ» ይሆናል። ከእነዚህ የሚገነባው መልእክት በመጀመሪያ የሚጠራውን ሎኮሞቲቭ ቍጥር፣ ቀጥሎ ትእዛዙን፣ በመጨረሻም የስሕተት መመርመሪያውን ይይዛል።

«ሞዴል ባቡር» የሚለው ስያሜም ለደጀን አንባቢ እንደምናስበው የጠራ አይደለም። «ባቡር» እንፋሎት የሚል ፍች ካለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በምኒልክ ዘመን የሰርኪስን የመንገድ መዳመጫና የጅቡቲውን የምድር ባቡር፣ ኋላም የእህል ወፍጮን ሲጠራ ኖሯል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ዐባይን አልተሻገረም። ደጀን ጃፓንን የሚያውቀው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ በተመረቀው ድልድይ ነው። ስለዚህ በከተማው ገበያ «ትንሽ የጃፓን ባቡር» ቢባል፣ ወፍጮ የሚመስለው ሰው አይጠፋም።

ወደ ሂሱ እንመለስ። ረቂቃችን ዲኮደርን «ምስጢር ፈቺ» ይላታል። ሲሰሙት ያምራል፤ ያሳሳተንም ማማሩ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዚህ አገር «ፈታ» የሚለው ግስ ቅኔን፣ ሕልምንና እንቆቅልሽን ሲያስከትል የኖረ በመሆኑ፣ ፈቺ የሚባለው ከሰሙ ሥር ወርቁን የሚያወጣ፣ ሁለት መንገድ ሲያገኝም ሁለቱን የሚያሳይ ሊቅ ነው። ዲኮደሯ ከዚህ አንዱንም አታደርግም። በሐዲዱ ላይ የሚያልፈውን መልእክት በሎኮሞቲቮቹ ያሉት ዲኮደሮች ሁሉ እኩል ስለሚሰሙት የተሰወረ ምስጢር የለም፤ የምትታዘዘው ቍጥሯ የተጠራው ብቻ ናት። መመርመሪያው ያልገጠመላትን መልእክትም ትጥለዋለች እንጂ ሌላ ፍች አትፈልግለትም። በአብዮቱ ዘመን የተፈጠረው «ወዛደር» የጸናው «ወዝ»ና «አደር» እያንዳንዳቸው የታወቁ፣ ጥምሩ ግን ባለቤት ያልነበረው ስለሆነ ነው ብለን እናምናለን። «ፈቺ» ግን ባለቤት አለው። ስለሆነም እማሬውን ለማስተካከል ስንል «ትእዛዝ ፈቺ» ብንለው እንኳ ፍካሬው ተከትሎን ይመጣል። በበኩላችን «ሬዲዮ»ንና «ባትሪ»ን እንደተቀበልን ሁሉ «ዲኮደር»ን እንዳለ መቀበል ይሻላል እንላለን።

«አድራሻ» ላይ ያደረስነው ጥፋት ለየት ያለ ነው። ቃሉ «አደረሰ» ከሚለው ግስ ወጥቶ ደብዳቤ ወይም ዕቃ የሚደርስበትን ቦታ ያመለክታል። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ስትወጣ ቍጥሯ 3 በመሆኑ እኛም «አድራሻዋ 3 ነው» ብለን ጻፍን። ወጣቱ ሦስተኛው ሐዲድ የትኛው እንደሆነ ጠየቀን። ቍጥሩ ግን ሎኮሞቲቩ በሄደበት ሁሉ አብሮት የሚሄድ ስም እንጂ ቦታ አይደለም። «መጠሪያ ቍጥር» ብንል ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣም ነበር።

ዲኮደሯን ያቃጠላት ግን ከሁሉ ተራ የመሰለን ግስ ነው። «ከመበየድህ በፊት ሞተሩን ከሐዲዱ ለይ» ብለን ነበር። ወጣቱ «ለይቻቸው ነበር እኮ ጋሼ፤ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ የሐዲዱ፣ ብርቱካንማውና ግራጫው የሞተሩ ናቸው» አለን። እውነቱን ነው፤ በቀለማቸው ለይቷቸዋል። «ለየ» በአማርኛ ዐውቆ መለየትም ነው፤ አርቆ መለየትም ነው፤ ወጣቱም ለሙያው የቀረበውን ፍች ወሰደ። የሐዲዱን ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ የሚያደርሱት ስስ የብረት ቅጠሎች እንደነበሩ ቀሩ። አራቱ ሽቦዎች በካውያ ሲበየዱ፣ የሐዲዱ ኤሌክትሪክ በሞተሩ በኩል ተመልሶ ወደ ዲኮደሯ መውጫ ገባ። ቀድሞ ለዲኮደር ቦታ በተዘጋጀላቸው አንዳንድ የካቶ ሞዴሎች እንዲህ ያለ መበየድ አያስፈልግም፤ በአሮጌዎቹ ላይ ግን ሥራው ሁሉ በዚህ ግስ ላይ የቆመ ነው።

«አግልል» እንበል ያሉ ነበሩ፤ ማግለል ግን ሰውን ከማኅበር የማውጣት ጠረን ስላለው አልወደድነውም። የመረጥነው «ነጠለ»ን ነው፤ የታረመው አንቀጽም እንዲህ ይነበባል፦ «የሞተሩን ሁለት ጫፎች ከሐዲድ ኤሌክትሪክ ፈጽመህ ነጥል። በቴስተር ለካና ከሐዲዱ ወደ ሞተሩ ምንም እንደማያሳልፍ አረጋግጥ። ከዚህ በኋላ ብየድ።» ሁለተኛዋ ዲኮደር በዚህ አንቀጽ ተገጥማ ትሠራለች።

አንድ ስያሜ አልተቋጨም። ዲኮደሯ መጠሪያ ቍጥሯን፣ የአነሣሥና የአቋቋም ፍጥነቷን በተራ ቍጥር እየያዘች፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም ሳትረሳ የምታኖርባቸውን መዝገቦች ረቂቁ «የማዋቀሪያ ተለዋዋጮች» ይላቸዋል። ካልለወጧቸው የማይለወጡትን «ተለዋዋጭ» ማለት ይከብደናል። ወጣቱ እንደ ሞባይል ጠጋኞች ሁሉ «ሴቲንግ» ይላል፤ እኛ «ማስተካከያ» ብለን ጽፈናል፤ እርሱ ግን እስካሁን አልተቀበለንም።