ለነደባ ምስጋና

በፈላና በር፣ ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት የሰሜን መግቢያ፣ በግንብ ወደታጠረችው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ወደ ጀጎል የሚዘልቅ ሰው በ16ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የአሚር ኑር ግንብ ያደንቃል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ምስጋና አልጎደለበትም። በየሐረሪው ቤት ውስጥ ያለው ነደባ ግን ይበልጥ ሊመሰገን ይገባዋል። ይህ ምንጣፍ የለበሰ ባለ ደረጃ መደብ ያለ ወንበር ብዙ ሰው ያስቀምጣል። ከፍታው ስለሚለያይ ከፊት የተቀመጠው ከኋላ ያለውን አይጋርድም፤ በግድግዳው ውስጥ የተሠሩት መደርደሪያዎችም መጽሐፍ ይይዛሉ። በተጨናነቀ ሰፈር ለሚያድጉ ልጆች የመማሪያ ቦታ የሚነድፍ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ መነሻ በቀላሉ አያገኝም።

«ታብሌት ካለ ክፍል ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ ለሙከራ ታብሌት የተሰጣቸው ልጆች ያለ አስተማሪ መሣሪያውን መጠቀም መቻላቸው እውነት ነው። ያም ሙከራ ግን የፀሐይ ኃይል መሙያና የሚከታተል ባለሙያ አስፈልጎታል። አንድ መሣሪያ ለብዙ ልጅ ሲደርስ ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያይበት ስፍራ የግድ ነው። ሌላው ተቃውሞ ነደባ ሰውን በማዕረግ ይለያል የሚል ነው። አዎን፣ ደረጃው ለክብር ተሠርቷል፤ ነገር ግን ታናሹን ከፊት ዝቅ፣ ታላቁን ከኋላ ከፍ አድርጎ ለማስቀመጥም ያገለግላል። ነደባ ከተረሳ የሚጠፋው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጠባብ ክፍል ብዙዎችን በክብር ሊያስተናግድ እንደሚችል የሚያሳይ፣ በየቤቱ የተፈተነ የሥነ ሕንፃ ዕውቀትም ነው።