ጥርት ያለው ክብ ምን ይመሰክራል?

በትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበብ ትርዒት ላይ ደጋግመን ያየነው አንድ ሥራ አለ። ተማሪዎች ባክቴሪያ በተዘራበት ሳሕን ላይ የእርጎ ጠብታ ያኖራሉ። በማግስቱ በጠብታው ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ከሥሩም «በእርጎ ውስጥ አንቲባዮቲክ አገኘን» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ እኛም መምህራን አብረን እናጨበጭባለን። ይህ ሒስ የሚያነጣጥረው በተማሪዎቹ ላይ ሳይሆን በዚህ በእኛ ጭብጨባ ላይ ነው።

ክቡ በእርግጥ አለ። ሆኖም የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ባክቴሪያው በዚያ ቦታ አለማደጉን ነው። ምን እንደ ገታው ግን አይናገርም። ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ ብቻውን ብዙ ባክቴሪያዎችን ይገታል። አንዳንዶቹ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ይሠራሉ። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ፔፕታይድ ነው፤ ይህም ባክቴሪያው ሌሎችን ለመከላከል የሚሠራው አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው።

ተመራማሪዎች እነዚህን የሚለዩት በተራ በማስወገድ ነው። በመጀመሪያ ባክቴሪያዎቹ ተጣርተው ከወጡ በኋላ የፈሳሹ አሲድነት እንዲጠፋ አልካሊ ይጨመርበታል። ቀጥሎ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚለውጠው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይታከልበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ክቡ አሁንም ከታየ፣ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይጨመራል፤ በዚህ ጊዜ ክቡ ቢጠፋ፣ የገታው ነገር ፔፕታይድ ወይም ፕሮቲን ስለ መሆኑ ጥሩ ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት ኢንዛይሞች አንዱ የሆነው ፕሮናዝ የሚገኘው ስትሬፕቶማይሲስ ግሪሴየስ ከሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተገኘውም ከዚሁ ዝርያ ነበር። አንድ ዝርያ መድኃኒትም መመርመሪያም ሰጠን።

ከክቡ እስከ ጥቅሙ ያለው መንገድም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በኒውዚላንድ ዋይትሄድ የተባለው ተመራማሪ የአይብ ወተት አሲድነት ለምን ቶሎ እንደማያድግ ሲመረምር፣ ሌሎች የወተት ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት እድገት ገቺ ንጥረ ነገር አገኘ። በ1947 በእንግሊዝ አገር ማቲክና ሂርሽ ይህን መሰሉን ንጥረ ነገር ኒሲን ብለው ሰየሙት። 34 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። በ1969 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ለምግብ ማቆያነት ተቀበለው። ከዋይትሄድ ወተት እስከዚህ ውሳኔ 36 ዓመት አልፏል።

ይህም ሆኖ ኒሲን የሚዋጥ መድኃኒት አልሆነም። በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚሠራው ካይሞትሪፕሲን ይሰባብረዋል፤ ለምግብ ተስማሚ ያደረገው ባሕርይ ለመድኃኒትነት እንቅፋት ሆነበት። ደግሞም እንደ ኤሸሪሺያ ኮላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋናቸው ስለሚከላከልላቸው በቀላሉ አይነካቸውም። ስለዚህ «ገታ» ሲባል «የትኛውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ምርምሩን ለማጣጣል አልተነሣንም። ነባሮቹን አንቲባዮቲኮች የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች እየበዙ በመጡበት በዚህ ዘመን የፔፕታይዶች ፍለጋ አስፈላጊ ነው። የሚያሳስበን ግን እርጎ አንቲባዮቲክ ነው ብሎ ያመነ ተማሪ፣ የታመመች እናቱን «መድኃኒቱን ተዪው፣ እርጎ ይበቃሻል» ብሎ ሊመክር መቻሉ ነው። ያን ጊዜ ያጨበጨብንለት ጽሑፍ ከግድግዳ ወርዶ ከሰው ሕይወት ላይ ያርፋል።

ፕሮናዝ በየትምህርት ቤቱ አይገኝም፤ ሎሚ ግን አይጠፋም። ከእርጎው ጠብታ ጎን የሎሚ ጭማቂ ጠብታ እናኑር። ሎሚውም ክብ ካወጣ፣ አሲድ ብቻውን ይህን ማድረግ እንደሚችል ተማሪው በዓይኑ ያያል። ከዚያም ከሥሩ «አገኘን» በሚለው ፈንታ «ምን ገታው?» ብሎ ይጻፍ። እኛም ጭብጨባችንን ለዚህ ጥያቄ እናቆየው።