አምስት ዶላር ቀብድ

መጋረጃው ሲገለጥ የማንቂያ ሰዓት ይጮኻል፤ ቀድማ የምትነሣው ሩት ናት። ሳሎን ሶፋ ላይ የሚተኛውን ልጇን ትቀሰቅሳለች፣ ውሃ ትጥዳለች፣ ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት መታጠቢያ ቤት ሳይያዝ ባሏን ታጣድፋለች። ሎሬይን ሀንስቤሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ለብሮድዌይ መድረክ የበቃውን «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» የተሰኘ ተውኔቷን፣ በደቡብ ቺካጎ የሚኖር የአንድ ጥቁር ቤተሰብ ታሪክ፣ የምትጀምረው በዚህች ሴት ነው።

ባሏ ዎልተር ሊ ሕልሙን በአፉ ሙሉ ያወራል። ከሟች አባቱ የሕይወት ኢንሹራንስ በሚመጣው 10,000 ዶላር መጠጥ መሸጫ ሱቅ ሊከፍት ይፈልጋል። እሷ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ እንዲበላ ትነግረዋለች። እሱም የማትረዳኝ ሚስት ይላታል፤ ተመልካቹም ሊያምነው ይዳዳዋል። ግን ዎልተር ከወጣ በኋላ ያቺው ሩት አማቷን ሊናን ስለ እሱ ትማልዳለች፣ ባሌ አንድ ዕድል ያስፈልገዋል ብላ። ፊት ለፊት የነፈገችውን በሌለበት ትለምንለታለች። የትዳርን ጓዳ የሚያውቅ ሰው አጻጻፍ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሁለቱ ቀብዶች አሠራር ነው። ሩት አርግዛለች፤ ለሌላ ሕፃን የሚሆን ቦታም ገንዘብም የለም። በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ፣ ፅንሱን ለምታስወርድላት ሴት አምስት ዶላር ቀብድ መስጠቷን በባሏ ፊት ትናገራለች፤ እሱም አንዲት ቃል ሳይወጣው ትቷት ይሄዳል። በሁለተኛው ገቢር ሊና ሌላ ቀብድ ከፍላ ትመጣለች፦ 3,500 ዶላር፣ ነጮች ብቻ በሚኖሩበት በክላይቦርን ፓርክ ለሚገኝ ቤት። ሩት መጀመሪያ ትደነግጣለች። ከዚያ ደስታዋ ገንፍሎ የተሰነጣጠቀውን ግድግዳና በረሮውን ትሰናበታለች። ቀጥላ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ረጋ ብላ፣ ቤቱ ፀሐይ በደንብ ይገባው እንደሆነ ሊናን ትጠይቃለች። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ስለ ፅንሱ ምንም አላናገረቻትም። ሁለተኛው ቀብድ የመጀመሪያውን እንደሻረው ከእጇና ከጥያቄዋ እንረዳለን። እስከዚያች ሰዓት በቤቱ ያየነው የቀን ብርሃን በአንዲት ትንሽ መስኮት የሚገባው ብቻ ስለነበር፣ ጥያቄው ለማሳመር የተጨመረ አይደለም።

ኋላም የአዲሱን ቤት መስኮቶች ልክ ሳትወስድ መጋረጃ ገዝታ ትመጣለች። በተውኔቱ መጀመሪያ ልጇ ለትምህርት ቤት 50 ሳንቲም ሲጠይቃት የለንም ያለች ሴት!

ዎልተር ሰክሮ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ኢትዮጵያ እጆቿን ትዘርጋ እያለ የሚጣራበት ትዕይንት አለ። ዳዊት ለምንደግም ለእኛ ልብ የሚያሞቅ ቃል ነው። ያ ትዕይንት የሚከፈተው ግን ሩት ልብስ ስትተኩስ ነው፤ ሀንስቤሪ ማን ምን እንደተሸከመ አትረሳም።

የቀረውን 6,500 ዶላር አጭበርባሪ ሸሪክ ከዎልተር ወስዶ ሲጠፋ፣ ሊና የቤቱ ነገር ይቅር ትላለች። ሩት የምትፈነዳው ያኔ ነው። ሕፃኗን አዝላም ቢሆን፣ ቀንና ሌሊት በሰው ማድቤት ሠርታ፣ ወለል ፍቃ ዕዳውን እንደምትከፍል ትማፀናለች። እንዲያ ያደከማትን ሥራ እጥፍ አድርጋ ልትሸከመው መለመኗ፣ የዚያ ቤት ዋጋ ለእሷ ምን ያህል እንደሆነ ከማንኛውም ንግግር በላይ ያሳያል።

ሩትን መጀመሪያ የተጫወተችው ሩቢ ዲ ናት፤ በ1961ዱ ፊልምም እሷው ናት። በ2004 ኦድራ ማክዶናልድ፣ በ2014 ሶፊ ኦኮኔዶ በዚህችው ገጸ ባሕርይ የቶኒ ሽልማት ወስደዋል። ፊልሙን ያገኛችሁ አንባቢዎች፣ ዎልተርን የሚጫወተው ሲድኒ ፖይቲየር ሲናገር ዓይናችሁን ከሩቢ ዲ ላይ አታንሡ።