የዊኪፔዲያን ቁልፎች አማርኛ ያናገሩ እጆች

አዲስ አበባ አስኮ ሰፈር ያለ ተማሪ የአማርኛ ዊኪፔዲያን በስልኩ ሲከፍት፣ በጽሑፉ ዙሪያ ያሉት የፍለጋ፣ የመግቢያና የማረሚያ ቁልፎች በራሱ ቋንቋ ይጠብቁታል። የተረጎሟቸው ክፍያ የማይጠይቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሥራ ቦታቸውም ትራንስሌትዊኪ የተባለ የጋራ ድረ ገጽ ነው። ፊንላንዳዊው ኒክላስ ላክስትሮም ሲጀምረው ቤታዊኪ ይባል ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የአሠራሩ ብልሃት ነው። ተርጓሚው ኮድ መጻፍ ማወቅ አይጠበቅበትም። የዊኪፔዲያ ሶፍትዌር ጽሑፍ ወደ አጫጭር መልእክቶች ተከፋፍሎ ይቀርብለታል፤ ከብዙዎቹ ጎንም የት ቦታና ለምን ተግባር እንደሚውሉ የሚያስረዳ ማብራሪያ አለ። ይህ ማብራሪያ ትልቅ ውለታ ነው፤ አገባቡ ያልታወቀን ነጠላ ቃል መተርጎም በጨለማ መርፌ ላይ ክር እንደ ማስገባት ነው። አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል። መልእክቱ ለወንድና ለሴት ተለይቶ እንዲጻፍም መንገድ ተበጅቷል፤ ግሱ በጾታ ለሚለወጥ እንደ አማርኛ ላለ ቋንቋ ይህ ቅንጦት አይደለም።

የኢትዮጵያ ፊደል የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መስፈርት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ፊደሉ ኮምፒውተር ላይ ቦታ ካገኘ በኋላ የቀረው ሥራ የሰው ነበር፤ አሁንም አላለቀም። አማርኛ የምታውቁ፣ ትርፍ ግማሽ ሰዓት ያላችሁ ሁሉ፣ ትራንስሌትዊኪ ላይ መለያ ከፍታችሁ አንድ መልእክት ተርጉሙ።