ንባብና ትርጓሜ በፋስቢንደር «ኤፊ ብሪስት»

ጀርመናዊው የፊልም አዘጋጅ ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር የቴዎዶር ፎንታነን «ኤፊ ብሪስት» በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም አገራችን በአብዮት በምትናወጥበት በ1966 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ በበርሊን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ ያንኑ ልብ ወለድ በ1939፣ በ1955 እና በ1968 እ.ኤ.አ. ወደ ፊልም የመለሱ ሦስት ሰዎች ቀድመውት ነበሩና፣ የእርሱ ዓላማ ታሪኩን አንድ ጊዜ ደግሞ መተረክ ሳይሆን መጽሐፉን በተመልካች ፊት ገልጦ ማንበብ ነበር።

ፎንታነ በስተርጅናው በ1895 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣው ይህ ድርሰት በነገረ ሥራው ቀላል ነው። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ኤፊ፣ ቀድሞ እናቷን ይወድ ለነበረ፣ ዕድሜው ከእርሷ ከእጥፍ ለሚበልጥ ለባሮን ፎን ኢንሽቴተን ትዳራለች፤ በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በኬሲን፣ መንፈስ ያድርበታል በሚባል ቤት ብቸኝነት ያደክማታል፤ ከሻለቃ ክራምፓስም ጋር በስውር ትወዳጃለች። ነገሩ አልፎና ተረስቶ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ክራምፓስ የጻፈላት ደብዳቤዎች በተገኙ ጊዜ፣ ኢንሽቴተን በልቡ ጥላቻም ሆነ የበቀል ጥማት ሳያገኝ፣ ምሥጢሩን ለአንድ ወዳጁ ስለ ነገረ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይቻለው አምኖ፣ ክራምፓስን በሽጉጥ ግጥሚያ ይገድላል፣ ሚስቱን ይፈታል፣ ልጁንም ከእናቷ ይለያል። ሰው የማያምንበትን ሕግ ሌላው አየኝ ብሎ በደም መፈጸሙ የመጽሐፉ ምሥጢር ነው፤ ፋስቢንደርም ለፊልሙ በሰጠው እጅግ ረጅም ርእስ፣ ብዙዎች የሚሹትንና የሚቻላቸውን እያወቁ፣ የገዛቸውን ሥርዓት በአእምሯቸው ተቀብለው በግብራቸው እንደሚያጸኑት በግልጥ ተናግሯል።

የአሠራሩ ጥበብ በእኛ አብነት ትምህርት ቤት ካለው ሥርዓት ጋር የሚተያይ ነው። መምህሩ ንባቡን አስቀድሞ ያሰማል፣ ትርጓሜውን ያስከትላል፤ ትርጓሜው ምንም ቢረዝምና ቢራቀቅ ንባቡን አይውጠውም፣ ሁለቱም እየተሰሙ ይኖራሉ። በዚህ ፊልም የፎንታነን ቃል የሚያነበው ድምፅ የአዘጋጁ የራሱ ነው፤ በጥቁርና ነጭ የተነሣው ሥዕል ግን የተነበበውን ደግሞ ለማሳየት አይቸኩልም፤ አንባቢው አንድ ድርጊት ሲተርክ፣ በሃና ሺጉላ የተመሰለችው ኤፊ በመስታወት ፊት ዝም ብላ ትቆማለች። በየመካከሉ ከመጽሐፉ የተወሰዱ ዐረፍተ ነገሮች በጽሑፍ ይመጣሉ፤ ትዕይንቱም እንደ ልማዱ ወደ ጨለማ ሳይሆን ወደ ንጣት እየፈዘዘ፣ እንዳልተጻፈበት ብራና ሆኖ ያልቃል። መስታወቱ፣ የበሩ መቃን፣ መጋረጃው፣ ሁሉም ሰዎቹን በክፈፍ ውስጥ ስለሚያስራቸው፣ ተመልካች በኀዘን ከመዋጡ በፊት የታሰሩበትን ነገር ይመረምራል። ይህ ስልት ልብን ያቀዘቅዛል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ኤፊ ከብዙ ዘመን በኋላ ያገኘቻት ልጇ አኒ የተጠናች መልስ እየደጋገመች የምትመልስላትን ትዕይንት ያየ ሰው፣ እንባን ሳይለምን የሚመጣ ኀዘን ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል እላለሁ።

በ2009 እ.ኤ.አ. ሄርሚነ ሁንትገቡርት ያዘጋጀችው ፊልም ተቃራኒውን መንገድ መርጦ ኤፊን ከሞት አድኗታል። ለድርሰቱ መነሻ የሆነችው ኤሊዛቤት ፎን አርደነ እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ ኖራ በዘጠና ስምንት ዓመቷ ማረፏን ስናስብ፣ ይህ ለዜና መዋዕል የታመነ ነው፤ ለፎንታነ ግን አልታመነም፤ ኤፊ ባሏ ትክክል ነበር ብላ መሞቷ የአንባቢን ኅሊና የሚከስ ሲሆን፣ በሕይወት መውጣቷ ያንን ክስ ይሽርልናልና።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ ወደ ብዙው ሕዝብ የደረሰው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶና በዙሪያዋ፣ አማርኛን ከወላይትኛ ቀጥሎ የተማረ አድማጭ፣ የዲማ ጊዮርጊስን ደብርና የፊታውራሪ መሸሻን ቤት በዓይኑ ሳያይ፣ በድምፅ ብቻ ገብቶበታል። አሁን መጽሐፉ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኗል፤ ጥያቄውም ያ የአንባቢ ድምፅ በሥዕሉ መካከል ምን ቦታ ይኖረዋል የሚል ነው። ፎንታነ ራሱን ሸሽጎ በለሰለሰ ቃል ስለሚተርክ ፋስቢንደር ትርጓሜውን ከውጭ ማምጣት ነበረበት፤ ሀዲስ ግን መተርጕሙን በታሪኩ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ጉዱ ካሳ የመኳንንቱን ሥርዓት በመኳንንቱ ማዕድ ላይ ይፈታል፣ ይነቅፋል። ኤፊ የተፈረደባትን ስትቀበል፣ የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። ስለዚህ የጉዱ ካሳን ረጃጅም ንግግሮች ለፍጥነት ሲል የሚቆርጥ አዘጋጅ የሚያጎድለው የመጽሐፉን ጌጥ ሳይሆን ዳኛውን ነው።

በወላይታ ደግሞ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀድመው ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም፣ የወላይታው ንጉሥ የካዎ ጦናና በ1887 ዓ.ም. በአገሩ ላይ የተፈጸመው የጦር ዘመቻ ታሪክ እስከ ዛሬ በብዛት የሚኖረው በአረጋውያን አንደበት ነው። ይህን ታሪክ ወደ ፊልም የሚመልስ የወላይታ ልጅ በእጁ የሚያገኘው የመጀመሪያ መጽሐፍ የሰው ድምፅ ነውና፣ ፈረሱንና ጦሩን ለማሳየት ሲል ያንን ድምፅ ዝም ባያሰኘው፣ አዛውንቱ የሚተርኩትን በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ዕረፍት እየሰማን ሥዕሉ በአጠገቡ ቢሄድ፣ ፋስቢንደር ለፎንታነ ያደረገውን ለእነርሱ ያደርጋል።