ሴባስቶፖልን ማን ይጎትታል?

ሲቪላይዜሽን 5ን የተጫወተ ሰው ይህቺን ብልሃት ያውቃታል። መድፎችህን ከከተማዋ ሁለት ቤት ርቀት ላይ ትደረድራለህ፣ ከፊታቸው እግረኛ ታቆማለህ፣ ከዚያ ተራህ በደረሰ ቁጥር ትተኩሳለህ። መድፉ በራሱ ተኩስ አይጎዳም፤ ከተማዋ በራሷ ተራ አንዴ ብትመልስ ነው። 200 የነበረው ጉልበቷ ተሟጥጦ ሲያልቅ እግረኛው ዘው ይላል። በቃ፣ ከተማው ያንተ ነው።

ሕጉ ይሠራል፣ ያዝናናል፣ ለመማርም ቀላል ነው። እኔን የማይመቸኝ ግን የድብደባን ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ፣ ጣናን ወደ ኋላ ትተህ ደብረ ታቦር ስትደርስ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። አጼ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ መድፉን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱ፣ መንገዱን ፊት ፊት እየጠረጉ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጡ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ያንን ርቀት ጌሙ ላይ መድፍ በጥቂት ተራ ይጨርሰዋል።

ከዚያስ? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ውጊያው ሲነሳ ከቴዎድሮስ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ፤ ሌሎቹም የረባ ጉዳት አላደረሱም። ሴባስቶፖልም ምንም አልፈየደም። ከንጉሡ ወገን 700 ገደማ ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ነበሩ። ናፒየርም ቢሆን መድፉን በነፃ አላመጣም፤ ከሕንድ በመርከብ ያስጫናቸው 44 ዝሆኖች ነበሩት። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የድብደባን ዋጋ የከፈሉት ከመተኮሳቸው ብዙ ቀደም ብለው ነው፤ በጉልበት፣ በመንገድ፣ በጊዜ። ጌሞቹ ይህን ሒሳብ አያውቁትም።

ልክ ነው፣ ሞክረዋል። ሲቪላይዜሽን 5 መድፍ ከመተኮሱ በፊት እንዲደላደል ያስገድዳል። 6ኛው ደግሞ መድፍ በተንቀሳቀሰበት ተራ በአብዛኛው እንዳይተኩስ ይከለክላል፣ ግንብ ማፍረስንና ሰው መምታትንም በተለያየ ቁጥር ይለካል፤ ይህቺ ብልጥ ናት። ሆኖም ከሁሉም የምወደው በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን 3ኛውን ነው። እዚያ ድንጋይ ወርዋሪውም መድፉም ራሱን የሚከላከልበት ጉልበት ዜሮ ነው። አጃቢው ከተገደለ መሣሪያው አይሞትም፣ ይማረካል፤ በሚቀጥለው ተራ ወዳንተው ይዞራል። የድብደባ ኃይል የፈለግኸውን ያህል ቢኖርህ ያለ ሰው ከባድ ብረት ብቻ እንደሆነ በአንድ ሕግ ነገሩህ! ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ቅጂው ነው።

3ኛው ሌላም ነገር አለው። ከተማ ስትደበድብ ጥይቱ ወታደር ሊመታ ይችላል፣ ሕንፃ ሊያፈርስም ይችላል፣ ወይም ነዋሪ ሊቀንስ ይችላል። አንተ አትመርጥም። 5ኛው ላይ ግን በመድፍ እስኪሰለችህ ብትደበድባት የነዋሪው ቁጥር ንቅንቅ አይልም፤ የሚቀንሰው ከተያዘች በኋላ ነው። ይህን ያደረጉት ተጫዋቹ የያዛት ከተማ የማትረባ ፍርስራሽ እንዳትሆንበት ነው ብዬ እገምታለሁ። ይገባኛል። ግን ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት ተተኩሷል። እዚህ ከተማ ውስጥ ተቀምጬ፣ የተተኮሰ ነገር ሁልጊዜ ያለመውን ብቻ ይመታል የሚል ሕግ ሳነብ ዓይኔ ዝም ብሎ አያልፈውም። ጌም የግድ ያሳዝን አላልኩም። ቢያንስ ዒላማ ይሳት።

ይህን ሁሉ የማነሳው ከጓደኛዬ ጋር የቴዎድሮስን የመጨረሻ ዓመት በወረቀት ካርታ ላይ የምንጫወተው ጌም እየሠራን ስለሆነ ነው። አጀማመሩን የወሰድነው ከራሳችን ሰንጠረዥ ነው። አያቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለውም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ። ወረራ ይባላል። ተራ በተራ የሚኬድ ጌም እንዲህ ሲጀምር ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ለናፒየርና ለቴዎድሮስ ደግሞ ልክ የተሰፋ ነው። አንዱ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ሌላው ከደብረ ታቦር፣ ማን ቀድሞ መቅደላ ይደርሳል ብለው ይሮጣሉ። ተራው የሚጀምረው በመጀመሪያው ጥይት ነው።

መድፍ የሚሄደው መንገድ በተጠረገበት ቤት ብቻ ነው። የሚጠርጉት ወታደሮች በዚያ ጊዜ አይዋጉም። ሲተኮስ ዳይ ይጣላል፤ 1 ከወጣ መድፉ ይፈነዳል፣ 2 ከወጣ አጠገብ ያለው መንደር ይመታል። እስከዚህ ተስማምተናል።

የተጣላነው ሴባስቶፖል ላይ ነው። ጓደኛዬ ቴዎድሮስን ሲይዝ የመጀመሪያው ሥራው መድፉን ደብረ ታቦር ጥሎ መሄድ ነው፤ ቀድሞ መቅደላ ይደርሳል፣ ጦሩም አይደክምም። በሒሳብ ልክ ነው። ግን እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቴዎድሮስን እየተጫወተ አይደለም። ስለዚህ እኔ አንድ ሕግ አመጣሁ፦ መድፉ ከተጣለ በየወሩ አንድ መኳንንት ይከዳል። ምክንያቱም ለእኔ ያ መድፍ ከመሣሪያነቱ ይልቅ ንጉሡ ገና ንጉሥ መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር ነበር። እሱ «ይሄ ሕግ ሳይሆን ድርሰት ነው» ይላል። ባለፈው እሑድ በአንድ መኳንንት ፋንታ ግማሽ ይሁን ብሎ ሊያስማማኝ ሞከረ። ግማሽ መኳንንት እንዴት እንደሚከዳ ገና አልነገረኝም።